ለመጥፋት የተቃረቡ እንቁራሪቶችን የሚጠብቅ ተመራማሪ መሆን፦ ሥራው በተግባር ምንድን ነው?

ጤዛ፦
ሰላም ለመድረኩ። ባዮሎጂ የተማረ ሰው እንቁራሪት፣ ጉርጥ፣ ሳላማንደርና የመሳሰሉትን እንቁራሪት አስተኔዎች ከመጥፋት የሚታደግ ተመራማሪ ለመሆን ቢነሳ መንገዱ ምን ይመስላል? «እንስሳ የምትወድ መሆን አለብህ» የሚለው ምክር በየቦታው አለ፤ ከዚያ የሚያልፍ ግን ትንሽ ነው። ሥራው በየዕለቱ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ሙያ እጅ ላይ መኖር እንዳለበትና ጀማሪ የሚያበላሸው የቱን እንደሆነ የሚያውቅ ቢጽፍልን። መስክም፣ ላብራቶሪም፣ እርባታም ቢሆን።

የሌሊት_ችቦ፦
ጤዛ፣ ከመስኩ ልጀምር። የመስክ ተመራማሪ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት በሽታውን ራሱ ተሸክሞ እንዳይሄድ ነው።

ካይትሪድ የሚባለው ፈንገስ የእንቁራሪቶች ገዳይ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ የወጣለት በ1999። ሳላማንደሮችን የሚገድለው ሁለተኛው ዝርያ ደግሞ በ2013 ተገለጸ። በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ትንታኔ ቢያንስ 501 ዝርያዎች በዚህ በሽታ ምክንያት እንደተመናመኑና ከእነሱ ውስጥ 90 ያህሉ ጨርሰው ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚገመት አስቀምጧል። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፤ በከፊል የምትተነፍሰውም፣ በሰውነቷ ያለውን ጨው የምታመጣጥነውም በዚያው ነው። ፈንገሱ ቆዳው ውስጥ ሲራባ በደሟ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ይወርዳል፤ በመጨረሻ ልቧ ይቆማል። ታድፖል (የእንቁራሪት እጭ) ግን ፈንገሱ የሚኖርበት ኬራቲን (ጥፍር የተሠራበት ዓይነት ጠንካራ ፕሮቲን) ያለው አፉ ላይ ብቻ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ በሽታውን ይዞ ይዋኛል። ስለዚህ ታድፖል ሞልቶበት ጤነኛ የሚመስል ኩሬ ንጹህ ላይሆን ይችላል።

ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው ሲኬድ የሚደረገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቦት ጫማው፣ መረቡና ባልዲው በብሩሽ ታሽቶ ጭቃው ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ይህን ዘሎ መድኃኒት መርጨት ዋጋ የለውም፤ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ኬሚካሉን አቅም ያሳጡታል። ቀጥሎ 1% ቪርኮን (ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት)፣ ማለትም በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ዱቄት፣ ይቀባና ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆያል። የተበጠበጠው ቪርኮን ሮዝ ቀለም አለው፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ወይም ሳምንት ሲሞላው ይደፋል። መድፊያውም ማጠቢያውም ከውሃ ዳር ርቆ መሆን አለበት፤ ለታድፖል መርዝ ነው። መቀስና መለኪያን ለመሰለ ትንንሽ ዕቃ 70% ኢታኖል ለ1 ደቂቃ ይበቃል። በመጨረሻ ሁሉም ነገር እስኪደርቅ ይሰጣል። የመጀመሪያው ፈንገስ ድርቀትን አይችልም፤ የሳላማንደሩ ግን ጠንካራ ስፖር ስላለው በማድረቅ ብቻ መተማመን አይቻልም።

ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ጓንት፣ አዲስ ፌስታል። ለአዋቂ እንቁራሪት የናይትሪል ጓንት ይሆናል። ታድፖል ሲያዝ ግን ናይትሪልም ላቴክስም አንዳንድ ዝርያዎችን ስለሚገድሉ በውሃ የታጠበ የቪኒል ጓንት ይሻላል። የጉዞ ቅደም ተከተልም በሽታ ካልታየበት ወደታየበት፣ በወንዝ ላይ ከሆነ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው።

ቁጥር_ይናገር፦
የሌሊት_ችቦ ባነሳው ላይ የምጨምረው ስለ መዝገብ ነው። ብዙ የመስክ ዳታ የሚበላሸው እንስሳ ሳይገኝ ሲቀር ምንም ሳይጻፍ ስለሚታለፍ ነው። ተፈልጎ ያልተገኘበት ሌሊትም ዳታ ነው፤ ዋጋ የሚኖረው ግን ምን ያህል እንደተፈለገ ሲጻፍ ብቻ ነው።

በምሳሌ ላሳይ። አንድ ዝርያ ኩሬው ውስጥ እያለ በአንድ ሌሊት ፍለጋ የመታየት ዕድሉ 0.3 ነው እንበል። ሳይታይ የመቅረት ዕድሉ 0.7 ይሆናል። ሦስት ሌሊት ተፈልጎ ሳይታይ የመቅረት ዕድሉ 0.7 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ነው፤ 0.34 ገደማ። ይህ ማለት ሦስት ጊዜ ሄዶ «ጠፍቷል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ዝርያው እያለ የመሳሳት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። 95% እርግጠኛ ለመሆን ዘጠኝ ሌሊት ያስፈልጋል። የመታየት ዕድሉ 0.6 ቢሆን ግን አራት ሌሊት ይበቃ ነበር። ስለዚህ ከጥናቱ በፊት ያንን ቁጥር በሙከራ ጉብኝት መገመት ገንዘብም ጊዜም ያድናል።

በቅጹ ላይ የማይቀሩት፦ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት፣ የፈላጊዎች ብዛት፣ የአየርና የውሃ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ባለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ መኖር አለመኖሩ፣ ነፋስ፣ የጂፒኤስ ነጥቡ ከነስህተቱ በሜትር። ዕድሉን ከሚለዋውጡት ውስጥ ዝናብና ሙቀት ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ፤ ካልተጻፉ በኋላ በሞዴል ማስተካከል አይቻልም።

ጤዛ፣ አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ዛሬውኑ ጀምሪ። የመታየት ዕድልን የሚያሰላው «አንማርክድ» የተባለው ጥቅል በነጻ ይገኛል። መስክ መውጣት የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ያመጣውን ዳታ ራሱ መተንተን የሚችል ግን ትንሽ ስለሆነ በቅጥር ጊዜ የሚፈለገው እሱ ነው።

ጤዛ፦
በጣም አመሰግናለሁ። በሽታው መኖሩ የሚረጋገጠው በስዋብ (ከቆዳ ናሙና በሚነሳበት ባለጥጥ ዘንግ) መሆኑን አንብቤያለሁ። እሱስ እንዴት ነው? ስንት ናሙናስ ይበቃል?

ናሙና_ቤት፦
ስዋብ ከመመዘንም ከመለካትም ይቀድማል፤ እንስሳዋ በእጅ በተገላበጠች ቁጥር ከቆዳዋ ላይ ናሙናው ይነሳል። ጫፉ ቀጭን የሆነ ለላብራቶሪ የተሠራ ስዋብ ነው የሚያስፈልገው፤ ተራ የጆሮ ጥጥ አይሆንም። እንስሳዋ ጭቃ ካለባት በንጹህ ውሃ ቀለል ተደርጋ ትታጠባለች። ከዚያ የሆዷ ግራና ቀኝ አምስት አምስት ጊዜ፣ ሁለቱ የውስጥ ታፋዎች አምስት አምስት፣ የሁለቱ የኋላ እግሮች ጣትና በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ አምስት አምስት፣ በድምሩ 30 ጊዜ ይታሻል፤ እያሹ ስዋቡን ማዞር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከሰው ሰው ከተለያየ የበሽታውን መጠን ማወዳደር አይቻልም። ጀርባዋን ማሸት አይጠቅምም፤ ፈንገሱ የሚበዛው ከታች ነው።

የስዋቡ ጫፍ በደረቅ ቱቦ ይገባል። ምልክቱ በእርሳስ ይጻፋል፤ እስክሪብቶ ኢታኖል ሲነካው ይጠፋል። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ናሙና ዲኤንኤው ይሰባበርና ምርመራው በሽታ እያለ የለም ይላል።

ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራበት ኪውፒሲአር (የፈንገሱን ዲኤንኤ አብዝቶ መጠኑን የሚለካ ምርመራ) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለካይትሪድ ከተዘጋጀ ወዲህ መደበኛ ሆኗል። በእያንዳንዱ ሳህን ላይ መጠናቸው የታወቁ ማነጻጸሪያዎች (0.1፣ 1፣ 10 እና 100 ዙስፖር፣ ማለትም የሚዋኝ የፈንገሱ ዘር)፣ ምንም ዲኤንኤ የሌለበት ባዶ ጉድጓድ፣ ከዲኤንኤ ማውጫው ደረጃ ጀምሮ አብሮ የመጣ ባዶ ናሙናም መኖር አለበት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ብክለት ግን በብዛት የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ዲኤንኤ የሚወጣበትና የበዛው ዲኤንኤ የሚከፈትበት ክፍል ይለያይ፤ ጋዋንና ፒፔትም ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገር።

ሌላው ወጥመድ ምርመራውን የሚያግድ ነገር ናሙናው ውስጥ መኖሩ ነው። አፈር ውስጥ ያለ ሁሚክ አሲድ ምላሹን ያቆመውና ውጤቱ ንጹህ ይመስላል። መፍትሔው የውስጥ መቆጣጠሪያ መጨመርና የታገደውን ናሙና አሥር እጥፍ አቅጥኖ መድገም ነው። የሚለካው የጂን ክፍል ቅጂ ብዛትም ከአንዱ የፈንገስ ዘር ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ከተለያዩ ላብራቶሪዎች የመጡ የጭነት (የፈንገስ መጠን) ቁጥሮችን ሳያረጋግጡ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

ስንት ናሙና ይበቃል ላልሽው፦ ከኩሬው 10 እንስሳት ተመርምረው ሁሉም ንጹህ ቢሆኑ፣ በሽታው እስከ 26% የሚሆኑትን ይዞ ሊሆን ይችላል። 60 ተመርምረው ሁሉም ንጹህ ከሆኑ ነው ከ5% በታች ነው ማለት የሚቻለው፤ እሱም ምርመራው ምንም እንደማያመልጠው ከተቆጠረ። ናሙናው ሲበዛ ቀላሉ ስሌት 3ን በናሙናው ብዛት ማካፈል ነው። ዝርያው በጣም ብርቅ ሆኖ 60 እንስሳ ከሌለ ያንኑ በግልጽ ጽፎ በየወቅቱ መድገም ነው።

አርቢ_ቤት፦
የእርባታውን እኔ ልያዘው፤ ሰፊ ስለሆነ ታገሱኝ።

ጀማሪ ስለ ምግብ ይጨነቃል፤ እንስሳቱን ቶሎ የሚገድላቸው ግን ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለ ክሎሪን በአየር ፓምፕ ለ24 ሰዓት ሲናፈስ ይወጣል። ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ከሆነ ግን አይወጣም፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይፈልጋል፤ እሱም ሲሰብረው አሞኒያ ይቀራል፤ ስለዚህ ባዮሎጂያዊ ማጣሪያው አስቀድሞ ሥራ የጀመረ መሆን አለበት። ማጣሪያው ውስጥ ባክቴሪያዎቹ እስኪደላደሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ያለዚህ እንስሳ ማስገባት አይገባም። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃም እንዳለ ከተሰጠ ጨው ከእንስሳው ሰውነት ወደ ውሃው ይፈሳል፤ የተመጠነ ጨው ተመልሶ ይጨመርበታል። የመዳብ ቧንቧ ካለ ውሃው በመዳብ መጠን ይመርመር፤ ለታድፖል ትንሹም ይበዛበታል።

ሙቀት ቀጥሎ ይመጣል። የደጋ ዝርያ 26 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ የቆላው ደግሞ 17 ዲግሪ ላይ አይበላም። በአንዱ ሣጥን ውስጥ ሞቃትም ቀዝቃዛም፣ እርጥብም ደረቅም ጥግ ይኑር፤ እንስሳው ራሱ ይመርጣል። ለምርጫ የሚቆምበትን ቦታ መመዝገብ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስተምራል።

ምግብ። ለምግብ የሚረባው ፌንጣ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ እንስሳው ግን ካልሲየሙ ቢያንስ እኩል፣ ቢቻል የሚበልጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ፌንጣው ለሁለት ሦስት ቀን ካልሲየም የበዛበት ምግብ ይበላና ከመሰጠቱ በፊት የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል። ዱቄቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይረግፋል፤ እንስሳው ወዲያው ካልበላ ተጨማሪው ከንቱ ነው። ካልሲየሙ አጥንት እንዲሆን ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልጋል፤ ለዚህም የዩቪቢ (ቆዳ ዲ3 እንዲሠራ የሚያደርገው የፀሐይ ጨረር ዓይነት) መብራት ይሰቀላል። መብራቱ ለዓይን እየበራ ዩቪቢው ግን እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመለኪያ ካልተለካ በ6 ወይም 12 ወር ይቀየር። ከሥሩ ሁልጊዜ ጥላ ይኑር። መስታወት ዩቪቢን ስለሚያግድ ክዳኑ መረብ ይሁን።

ቫይታሚን ኤ ሌላው ትልቅ ነገር ነው። ሲጎድል እንቁራሪቷ ምላሷን ትወረውራለች፣ ፌንጣው ግን አይጣበቅም፤ ተርባ ሳለ የማትፈልግ ትመስላለች። ብዙ ዝርያዎች ከቤታ ካሮቲን ብቻ በቂውን ማምረት አይችሉም፤ ሬቲኖል (ዝግጁ የሆነ ቫይታሚን ኤ) የያዘ ማሟያ በመጠኑ መስጠት ያስፈልጋል። በመጠኑ ያልኩት ሲበዛም መርዝ ስለሆነ ነው።

ለይቶ ማቆያ ክፍል ከ30 እስከ 90 ቀን። የራሱ ጫማ፣ የራሱ መረብ፣ የራሱ ባልዲ፤ በየዕለቱም መጨረሻ የሚገባበት ክፍል ይሁን። ሰገራ ለጥገኛ ትል በተደጋጋሚ ይታያል፣ ስዋብ ይወሰዳል። ካይትሪድ ከተገኘ በሰፊው የሚሠራበት ኢትራኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ነው፤ 0.01% ሆኖ በቀን 5 ደቂቃ ለ11 ቀን መንከር የቆየው መመሪያ ነው። በአንዳንድ ዝርያ ላይ 0.0025% ለ6 ቀን ሠርቷል፤ ዝቅተኛው ከሠራ ያው ይመረጣል። መድኃኒቱ የሚቀርብበት ፈሳሽ አሲዳማ ስለሆነ ፒኤቹ ሳይስተካከል ቆዳን ያቃጥላል። በታድፖልና ገና እግር ባወጡ ግልገሎች ላይ 0.01% ብዙ ጊዜ ገዳይ ነው። ከመንከሪያው ወጥተው ወደዚያው ያልጸዳ ሣጥን መመለስ ደግሞ ከዜሮ መጀመር ነው።

ዘረመልን በተመለከተ፣ ከዱር የሚመጡ 20 ዝምድና የሌላቸው መስራቾች የመጀመሪያውን የዘረመል ልዩነት 97.5% ያህል ይይዛሉ። ያ የሚሆነው ግን ሁሉም እኩል ሲወልዱ ነው። ሁለት ጥንድ በደንብ ስለሚፈለፍል በእነሱ ብቻ መሄድ ክፍሉን በጥቂት ዓመት በወንድምና እህት ይሞላዋል። ማን ከማን እንደተወለደ የማይታወቅ እንስሳ ወደ ዱር ለመመለስ ፕሮግራም ብዙም አይጠቅምም።

ሸለቆ_ዳር፦
አርቢ_ቤት ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን አንባቢው ጥበቃ ማለት እርባታ ነው ብሎ እንዳይወጣ እፈራለሁ። ሣጥን ውስጥ ያለ ዝርያ ዳነ አይባልም፤ ጊዜ አገኘ እንጂ። አንዳንዴም እርባታው ራሱ በሽታ ይዞ ይወጣል። በማዮርካ ደሴት ላይ ብቻ የሚገኘው አዋላጅ ጉርጥ በእርባታ ተራብቶ ወደ ዱር ሲመለስ ካይትሪድ አብሮ እንደገባ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በእርባታው ቦታ ከሌላ አህጉር ከመጣ እንቁራሪት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ያንን ለማጽዳት ዓመታት ፈጀ። ታድፖሎቹን ሰብስቦ በኢትራኮናዞል ማከም ብቻውን አልበቃም፤ ሲመለሱ እንደገና ተያዙ። የተሳካው ኩሬዎቹ ከተደፉ፣ ከደረቁና አለቱ በቪርኮን ከተረጨ በኋላ ነው፤ ውጤቱ በ2015 ታተመ። ያ የሆነውም ኩሬዎቹ ጥቂት፣ በድንጋይ ገንዳ ውስጥ ያሉ፣ ሌላ ተሸካሚ እንቁራሪት የሌለባቸው ስለሆኑ ነው። ጫካ ውስጥ ይህን ማድረግ አይታሰብም።

በ2023 የወጣው ሁለተኛው ዓለም አቀፍ ግምገማ 8,011 ዝርያዎችን አይቶ 40.7% ለአደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ከ2004 ወዲህ ሁኔታቸው ለባሰባቸው ዝርያዎች የአየር ንብረት ለውጥ 39% ድርሻ ሲኖረው የመኖሪያ መጥፋት 37% አለው። እነዚህን ሁለቱን ሣጥን አያቆማቸውም።

አርቢ_ቤት፦
ልክ ነዎት፣ የማዮርካው ትምህርት ለእኛ ለአርቢዎች በደማቅ ቀለም መጻፍ ያለበት ነው፦ ከተለያየ አህጉር የመጡ ዝርያዎች በአንድ ክፍል አይቀመጡም። ወደ ዱር የሚመለስ ዝርያ ክፍሉም ሠራተኛውም የብቻው ነው።

ነገር ግን ጊዜ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። የታንዛኒያውን የኪሃንሲ ጉርጥ ይመልከቱ። በ1996 የተገኘ፣ ሁለት ሄክታር ገደማ በሆነ የፏፏቴ ጤዛ ውስጥ ብቻ የሚኖር፣ እንቁላል ሳይጥል ግልገል የሚወልድ ትንሽ እንስሳ ነው። በ2000 የኃይል ማመንጫ ግድቡ ውሃውን ሲወስደው ጤዛው ቆመ። በዚያው ዓመት 499 ጉርጦች ወደ አሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች ተወሰዱ። ሰው ሠራሽ የውሃ መርጫ በሸለቆው ተዘርግቶ ቁጥሩ ሲያንሰራራ በ2003 እንደገና ወደቀ፤ ካይትሪድም ተገኘ። በ2009 ከዱር ጠፍቷል ተባለ። በሣጥን ያሉትም በጥገኛ ትልና በአያያዝ ችግር ከመቶ በታች ወርደው ነበር፤ ብርሃኑና ምግቡ ሲስተካከል በሺዎች ሆኑ፤ በ2012 ወደ ሸለቆው መመለስ ተጀመረ። በ2000 ባይያዙ ኖሮ በ2012 የሚመለስ አይኖርም ነበር።

ሸለቆ_ዳር፦
እሱን አልክድም። የኪሃንሲው ግን የሚያሳየው መርጫው እስካልቆመ ድረስ ብቻ መኖሪያ መኖሩንም ነው።

ጤዛ መኖሪያ ላይ የሚሠራ ሥራ ምን እንደሚመስል እንድታውቂ ሁለት ምሳሌ። በካሊፎርኒያው ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ዓሣ ያልነበረባቸው ሐይቆች ውስጥ ለማጥመድ ትራውት ተጨምሮ ነበር፤ ዓሣው ታድፖሉን ይበላዋል፤ ታድፖሉ ደግሞ ከአንድ በላይ ክረምት ውሃ ውስጥ ስለሚቆይ ማምለጫ የለውም። ዓሣው በመረብ ተለቅሞ ሲያልቅ እንቁራሪቶቹ ተመለሱ። ቀጥሎ ከካይትሪድ ጋር እየኖሩ ካገገሙ ቦታዎች እንቁራሪት ወደ ጠፉባቸው ሐይቆች ተወሰደ፤ በብዙዎቹ ቆመው ተራቡ። ከጤነኛ ቦታ ሳይሆን በሽታውን ከተቋቋመ ቦታ መውሰዱ ነው ሥራውን ያሳካው።

ሁለተኛው ከአውስትራሊያ፣ በ2024 የታተመ። ካይትሪድ በደንብ የሚያድገው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ 28 ሲያልፍ ይቆማል። ተመራማሪዎቹ ቀዳዳ ያላቸውን የግንባታ ጡቦች ፀሐይ በሚያሞቀው ትንሽ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ደረደሩ። እንቁራሪቶቹ ወደው ጡቡ ውስጥ ገብተው ሲሞቁ ከበሽታው ዳኑ፤ የዳኑትም በኋላ በቀዝቃዛ ወቅት ሲያዙ የተሻለ ተቋቋሙ። ሙቀት ለሚችል ዝርያ ብቻ የሚሠራ ነው፤ የደጋውን ዝርያ እዚያ ማስገባት መግደል ነው።

መዝገብ_ያዥ፦
ስለ ሙያው ራሱ ያልተነሳውን ልጨምር።

የዚህ ተመራማሪ ዓመት በአብዛኛው ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። መስኩ በዝናብ ወቅት ይጠባል፤ ቀሪው ፈቃድ ማውጣት፣ ዳታ ማጽዳት፣ የድጋፍ ማመልከቻና ጽሑፍ ነው። ፈቃዱ አንድ አይደለም፦ የመያዝ፣ ናሙና የመውሰድ፣ ከአገር የማስወጣት፣ የእንስሳት ሥነ ምግባር። ናሙና ድንበር ሲሻገር ዝርያው በሳይቴስ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት) ዝርዝር ካለ የእሱ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የናጎያ ፕሮቶኮል መሠረትም የዘረመል ሀብት አጠቃቀም ስምምነት ሊጠየቅ ይችላል። ወራት የሚወስድ ስለሆነ የመስክ ዕቅድ ከፈቃዱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ማተኮሪያ ይመረጣል፦ በሽታ፣ የብዛት ሞዴል፣ ዘረመል፣ የእርባታ ሳይንስ፣ ወይም የዝርያ መለየት። የመጨረሻውን ዛሬ የሚመርጠው ጥቂት ነው፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ስም ያልተሰጠው ዝርያ በሕግ አይጠበቅም። ዶክትሬት ለዩኒቨርሲቲና ለምርምር መሪነት ይጠየቃል፤ ለእርባታ ኃላፊነት፣ ለመስክ አስተባባሪነት፣ ለላብራቶሪና ለዳታ ሥራ ግን ያለሱም ይገባል። ቅጥሩ አብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ኮንትራት ነው። የአንድ እንቁራሪት ብዛት መውደቁን ለማሳየት ግን ከዚያ የረዘመ ክትትል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከአንዱ ኮንትራት ወደ ሌላው የሚሻገር ተመሳሳይ ቅጽና ዘዴ መያዝ ያስፈልጋል።

ሳይቀጠሩ የሚለማመዱት አንድ ሥራ አለ፦ የአይዩሲኤን (የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት) ቀይ መዝገብ መስፈርቶችን በእጅ ማስላት። ለእንቁራሪት በብዛት የሚሠራው ስርጭትን የሚያየው መስፈርት ቢ ነው። የታወቁት ነጥቦች ውጪያዊ ዙሪያ የሚከበው ስፋት ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ለተጋላጭ፣ ከ5,000 በታች ለአደጋ ላይ፣ ከ100 በታች ለከፍተኛ አደጋ ደረጃ ያጫል። በ2 በ2 ኪሎ ሜትር ካሬዎች የሚቆጠረው የሚኖርበት ስፋት ደግሞ 2,000፣ 500 እና 10 ነው። ስፋቱ ብቻውን አያበቃም፤ ከሦስት ሁኔታዎች ሁለቱ መሟላት አለባቸው፦ መበጣጠስ ወይም ጥቂት ቦታ ላይ መወሰን (10፣ 5፣ 1)፣ የቀጠለ ማሽቆልቆል፣ ከፍተኛ መዋዠቅ። ጀማሪ እዚህ የሚስተው «ቦታ» የሚለውን ነው፤ የሚቆጠረው ኩሬ ሳይሆን አንድ አደጋ በአንድ ጊዜ ሊደርስበት የሚችል አካባቢ ነው። በአንድ ግድብ ሥር ያሉ ሰባት ኩሬዎች አንድ ቦታ ናቸው።

የነጥቦቹን ዳታ ስታትሚ ለንግድ የሚፈለግ ዝርያ ከሆነ ትክክለኛውን መጋጠሚያ አታውጪ፤ ወደ ሰፊ ካሬ አደብዝዢው።

ጤዛ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አንዷን እንቁራሪት ከሌላዋ መለየት ሲያስፈልግ ጣት መቁረጥ አሁንም ይሠራበታል? ድምፅ መቅረጫስ ይተካዋል?

የሌሊት_ችቦ፦
ጣት መቁረጥ አለ፤ ለዘረመል ናሙናም ስለሚሆን። ግን ከአንድ በላይ ጣት ሲቆረጥ ተመልሳ የመያዝ ዕድሏ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ያ ደግሞ የብዛት ስሌቱን ራሱ ያዛባዋል። ሆዷ ወይም ጎኗ ላይ ነጠብጣብ ያለባት ዝርያ ከሆነች ፎቶ ከሁሉ ይሻላል፤ በአንድ ርቀት፣ ከመለኪያ ጋር፣ ሳይንጸባረቅ። ነጠብጣብ ከሌላት ከቆዳ ሥር የሚገባ ባለቀለም ኢላስቶመር (ሲገባ ፈሳሽ ሆኖ በኋላ የሚረጋ ጎማ መሰል ነገር) ወይም ፒት ታግ (በመሣሪያ የሚነበብ ቁጥር ያለው ትንሽ ቺፕ)። 12 ሚሊ ሜትሩ ታግ 0.1 ግራም ገደማ፣ 8 ሚሊ ሜትሩ 0.03 ግራም ነው፤ ለትንሿ ሁለተኛው ነው። ከገባ በኋላ ቀዳዳው ሳይዘጋ ታጉ ተመልሶ እንዳይወጣ ከቀዳዳው ርቆ በጣት ይገፋል። የራዲዮ ቀበቶ ከሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10% አይለፍ፤ ለ10 ግራም እንቁራሪት ከነቀበቶው ቢበዛ 1 ግራም። ወገቧን ስለሚልጣት በየሳምንቱ ተይዛ መታየት አለባት፤ ቁስል ከታየ ወዲያው ይፈታል።

ማደንዘዣ ካስፈለገ ኤምኤስ-222 ውሃ ውስጥ አሲድ ይሆናል፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት ተጨምሮ ፒኤቹ ከ7.0 እስከ 7.4 ሳይደርስ እንስሳ አይገባበትም።

ቁጥር_ይናገር፦
መቅረጫው ማን እንዳለች አይነግርሽም፤ ዝርያው መኖሩንና መቼ እንደሚጮህ ይነግርሻል፤ የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ ወንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱን አይተካም። ለመታየት ዕድል ስሌት ግን በጣም ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሌሊት እንደ አንድ ጉብኝት ይቆጠራል።

አቀማመጡ፦ 44.1 ኪሎ ኸርትዝ፣ 16 ቢት፣ አንድ ቻናል፣ ዌቭ ፋይል። ኤምፒ3 ለጆሮ የማይሰማውን ስለሚጥል ለትንተና አይሆንም። ከምሽት እስከ ንጋት በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ከተቀረጸ በሌሊት 60 ደቂቃ፣ ወደ 318 ሜጋባይት ይሆናል፤ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ መቶ ሌሊት ገደማ ይይዛል። ከካርዱ በፊት የሚያልቀው ባትሪው ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት ይግባ፤ ማይክራፎኑ ወደ ታች ዘንበል ይበል፤ ከወንዝ ጫጫታ ራቅ ይደረግ። የመሣሪያው ሰዓት በየወሩ ጥቂት ጥቂት ስለሚዛነፍ ካርድ በተቀየረ ቁጥር ከጂፒኤስ ሰዓት ጋር ይተያይ፤ ልዩነቱም በሰከንድ ቅጹ ላይ ይጻፍ።